«አዎ በይ ብቻ»

ጠበቃዋ በሩን ከፍታ ኮሪደሩን በእጇ ያመለከተችኝ ነገር ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ፤ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

እናቴን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለች የኑዛዜና የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ የወሰድኳት እኔ። ከሥራ የቀረሁት እኔ። ክሬዲት ካርዱም የእኔ። መኪና ውስጥ «እማዬ፣ እኔ አስተረጉምልሻለሁ፤ ስትጠይቅሽ አዎ በይ ብቻ» ብዬ አስጠናኋት። ለካ ጠበቃዋ የራሷን አስተርጓሚ በስልክ አዘጋጅታለች። «ዛሬ ምን ልርዳዎት?» አለቻት።

«ልጄ አዎ በይ ብሎኛል።»

ጠበቃዋ ጻፈች። ብዙ ጻፈች።

ኮሪደሩ ላይ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። የተረፈችው የሕፃን ወንበር ናት፤ ቀይ፣ መደገፊያዋ ላይ ዳክዬ የተሳለባት። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሼ ጉልበቴ ከጆሮዬ ተስተካክሎ 50 ደቂቃ ተቀመጥኩባት። ባለቤቷ የሆነ የሦስት ዓመት ልጅ ፊት ለፊቴ ቆሞ ዓይኑን አልነቀለም። ዳክዬዋም እንደዚያው። ከውስጥ የእናቴ ሳቅ ይሰማል፤ አስተርጓሚው የደሴ ልጅ ሆኖ «የማን ልጅ ነህ?» ተጀምሯል። ይህም በሰዓት ይታሰባል!

ምክንያቱ እንኳ ገብቶኛል። ማንም ይክፈል ማን፣ ደንበኛዋ እናቴ ናት። ነገ እህቴ ኑዛዜውን ብትቃወም መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን አመጣት፣ ማን ከፈለ፣ አጠገቧ ማን ነበር ነው። ለሦስቱም መልሱ እኔ! ስለዚህ ምን ንብረት እንዳላት፣ ልጆቿ እነማን እንደሆኑ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ ለብቻዋ፣ በገዛ አፏ መናገር አለባት።

መጨረሻ ላይ በእናቴ ፈቃድ ገባሁ። ቤቱን በስሜ ላዞር ያሰብኩት እዚያው ቀለጠ። ሜዲኬይድ፣ ማለትም አቅም ለሌላቸው መንግሥት የሚሸፍነው የሕክምና ክፍያ፣ ለነርሲንግ ሆም (ለአረጋውያን መንከባከቢያ) ሲጠየቅ 60 ወር ወደኋላ ሄዶ ይፈትሻል፤ በስጦታ የተላለፈ ቤት ካገኘ ዋጋው በወር ተመንዝሮ ለዚያን ያህል ጊዜ አይከፍልም። እሷ እያለች ከወሰድኩት ደግሞ ስሸጠው ግብሩ የሚሰላው ድሮ ከገዛችበት ዋጋ በላይ ባለው ትርፍ ላይ ነው። ሊሻር የሚችል ትረስትም፣ ማለትም ንብረቷን የምታስገባበትና ስትፈልግ የምታፈርሰው የአደራ ሰነድ፣ ከሜዲኬይድ አያስጥልም፤ ፕሮቤትን፣ የፍርድ ቤቱን የውርስ ሂደት፣ ያስቀራል፣ እሱም የቤቱ ስመ ሀብት ወደ ትረስቱ ከዞረ ነው። ሰው ትረስቱን ይፈርምና ቤቱን ሳያዞር መሳቢያ ውስጥ ይቆልፈዋል።

ደግሞ የስሟ ጉዳይ! የቤቱ ወረቀት ላይ በአንድ «ኤስ»፣ ግሪን ካርዷ ላይ በሁለት፤ ባንኩ ጭራሽ በአያቴ ስም ነው የሚጠራት። ኑዛዜው ላይ «በሌላ አጻጻፍ» እየተባለ ሁሉም ይዘረዘራል። ለአንዲት «ኤስ» ጠበቃ የምከፍል እኔ!

መኪና ውስጥ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ምን ብላሽ ነው ያስወጣችኝ?»

«ልጅዎ ውጭ ይጠብቅ ወይ? አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«አዎ አልኳታ።»