ውሃ የነካው ለውዝ

ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለችው ሱቄ ለውዝ ቆልቼ እሸጣለሁ፤ የተረፈኝን ፈጭቼ የለውዝ ቅቤ አደርገዋለሁ። ደንበኞቼ የአቆላል ሙያዬን ያመሰግናሉ። ምስጋና አልጠላም፤ ግን ለውዙ ምጣዴ ላይ ሳይደርስ ነገሩ አልቋል።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። አምና ኅዳር ላይ ከአንድ ነጋዴ ሁለት ኩንታል የተፈለፈለ ለውዝ ገዛሁ። ፍሬው ሞላ ያለ፣ ዋጋውም ከሰፈሩ ሁሉ የረከሰ ነበር። አንደኛውን ጆንያ ጨርሼ ሁለተኛውን ስፈታ ዝናብ የመታው ጭድ ሸተተኝ። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከመሃል ዘገንኩ፤ ፍሬው ይሞቃል! አንዷን ለሁለት ስከፍላት በክኮቹ መካከል አረንጓዴ ቢጫ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ተኝቷል።

በማግስቱ ባቢሌ ወረድኩ። ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አሸዋማው አፈሩ ለለውዝ የተፈጠረ ይመስላል። እዚያ የማውቃቸው አንድ ሐጂ አሉ። ፍሬውን አይተው ብዙም አልገረማቸው።

«ልጄ፣ ሲፈለፈል ውሃ ተረጭቶበታል።»

«ለምን ይረጩታል ሐጂ?»

«ደረቁን ቀኑን ሙሉ ፈልፍይና ጣትሽን አሳዪኝ።»

ለካ ቅርፊቱ ሲርስ ይለሰልሳል፤ ሥራው ይፈጥናል፣ ሚዛኑም ከፍ ይላል። ያ እርጥበት ፍሬው ውስጥ ገብቶ በጆንያ ሲታፈን ነው ሻጋታው የሚነሳው።

ማሳው ጣጣ አያጣም። ለውዝ ከላይ አብቦ ከመሬት በታች ስለሚያፈራ መድረሱ በዓይን አይታይም። ሐጂ አንድ ተክል ነቅለው ፍሬውን በጥፍራቸው ሰነጠቁና የቅርፊቱን ውስጥ አሳዩኝ። ነጭ ከሆነ ገና ነው፤ ሲጠቋቁር ደርሷል። ቀድሞ የተነቀለው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ዘይቱም ያንሳል። የዘገየው ደግሞ ከግንዱ ጋር የያዘው ክር ስለሚሳሳ ሲነቅሉት ፍሬው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብ ካገኘው የሚበቅልም አለ። ዶማ የሸነተረው ወይም ምስጥ የበሳው ለብቻው መለየት አለበት፤ ሻጋታ የሚገባው በዚያ ቁስል ነው። ከተነቀለ በኋላ ፍሬው ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች ተገልብጦ ፀሐይና ነፋስ ይመታዋል።

የእህቴ ልጅ ከቱርክ ያመጣችልኝን ሃዘልነት የሚባል፣ ዛፍ ላይ የሚያፈራ ለውዝ መሰል ፍሬ ስበላ ይህ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ጥቁር ባሕር ዳር ያሉት ገበሬዎችም ችግራቸው የእኛው ነው፦ ከቅርንጫፉ ቀድሞ የተለቀመው ሳይሞላ ይቀራል፤ በራሱ የወደቀው ደግሞ በስሎ ሳለ፣ እርጥብ መሬት ላይ ከሰነበተ ይሻግታል።

ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል። የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እንግሊዝ አገር የተበላሸ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች ካለቁ በኋላ። ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል፤ ቆልቼ አጠፋዋለሁ ብሎ ነገርም የለም። ጎረቤቴ «ከምትጥዪው ለላሜ ስጪኝ» ብላኝ ነበር። በወተቱ ተመልሶ ወደ ልጆችሽ ይመጣል ብዬ ከለከልኳት፤ እስካሁን ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጆንያውን ቀበርኩት።

አሁን የምገዛው ከነቅርፊቱ ነው። የሚፈለፍሉልኝ ሴቶች ውሃ እንዳያስጠጉ ከድሮው የተሻለ እከፍላቸዋለሁ፤ ዋጋዬም ጨመረ። ትናንት አንዲት የቆየች ደንበኛዬ «ምን ቢገኝበት ነው?» ብላ ስትቆጣ አንድ ያልተፈለፈለ ለውዝ ጆሮዋ ሥር ወዘወዝኩላት። ደረቅ ፍሬ ቅርፊቱ ውስጥ ይንኳኳል።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት» አለች፤ «ዋጋው ግን አልቀነሰም።»