በላይ ነው በታች?

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ካሜራ ከገዛሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። እንጀራዬ ሂሳብ መሥራት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ግን ራሴን የማየው እንደ ትልቅ ፎቶ አንሺ ነበር። ባለቤቴ "የሰው ሠርግ አንሥተህ ብር ብታመጣ ምናለበት? ዝንጀሮ ይከፍልሃል?" ትለኛለች። ዝንጀሮ ሳይሆን ጭላዳ ነው እላታለሁ። "እሺ፣ ጭላዳ ይከፍላል?"

ጭላዳ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አገር የለም። ሣር ነው የሚበላው። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ፀጉር ያልሸፈነው ቀይ ምልክት። የኔ ምኞት ያን ጎፈር የጠዋት ፀሐይ ከጀርባው መትቶት፣ ዳር ዳሩ ወርቅ ሲመስል ማንሣት ነበር። ለዚህ ደግሞ ማለዳ መገኘት ግድ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትወጣ ነው ወደ ሜዳው ብቅ የሚለው።

ጓደኛዬ መኪና አለው፤ እምቢ ማለት አይችልም። ደብረ ብርሃን አደርን። ብርዱን ተዉት፤ ካልሲ በእጄ አድርጌ ነው የተኛሁት። አሥር ተኩል ላይ ተነሣን፤ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ታጠፍንና ጉሙ ገለጥ ሲል አንድ ገደል አፋፍ ላይ ቆምን። ከፊታችን ገደሉ፣ ከኋላችን የደረሰ የገብስ ማሳ።

አሁን ያለሁበትን ሁኔታ በደንብ ተመልከቱልኝ። የለበስኩት ብርቱካናማ የዝናብ ጃኬት ነው። ካሜራዬ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሏል። ጓደኛዬ ሰማንያ ሜትር ያህል ርቆ፣ ማስታወቂያ ላይ በነፃ ያገኘውን ቀይና ነጭ ዣንጥላ አጥፎ እንደ ዘንግ ይዞታል። ጭላዳዎቹ የሚወጡበት ቦታ ላይ ሌንሱን አስቀድሜ ላስተካክል ብዬ ነው ያቆምኩት። እኔ በአንድ ዐይኔ እያየሁ እጄን አወናጭፋለሁ። "ወደ ግራ! ትንሽ! አሁንም ትንሽ! በቃ፣ እዛው ቁም!"

እንዲህ ሲሆን ከውጭ ምን እንደምንመስል አላሰብኩም።

በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

"እንደምን አደሩ ጌታው?"

አንቱ መባሌ ገርሞኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ አባቴ?"

የካሜራውን ማቆሚያ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ጓደኛዬንም አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ በላይ ነው በታች የሚያልፈው?" አሉኝ።

የመንጋውን ነዋ! "እስካሁን በታች ነው" አልኳቸው። "እኔ ግን በላይ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ብርሃኑም በዚህ በኩል ነው የሚገባው።"

"መብራትም አብሮ ነው?"

"እሱማ ዋናው ነው አባቴ! እሱ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?"

ዝም አሉ። በዱላቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ። አፋፉ ጫፍ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት እያዩ፣ "ያችስ ቤት?" አሉ።

ዐይኔን ከካሜራው አላነሣሁም። "እሷ ትንሽ ታበላሻለች። ግድ የለም፣ በኋላ እቆርጣታለሁ።"

"ባሕር ዛፎቹስ?"

"እነሱም ይቆረጣሉ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ማታ፣ አዲስ አበባ ስገባ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እጅ ነሥተውኝ እየተቻኮሉ ሄዱ። ትሑት ሰው ናቸው ብዬ አሰብኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አካባቢው ገበያ መሰለ። አንዱ ወንድሙን በክንዱ እየጎተተ መጥቶ "እውነቱን እዚሁ በመሣሪያው ይይልን! ድንበሬን ሁለት ክንድ ገፍቶኛል" አለ። አንዲት እናት ዕንቁላል በሣር ጠቅልለው አመጡልኝ። አንድ ጎረምሳ ማሳው ጥግ ላይ ድንጋይ ይክብ ጀመር። "አጥር ያለው ቦታ ካሳው ይበልጣል" ሲል ሰማሁት። ካሳ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ስትገባ ነው አንዳች ነገር ሆዴን ቁርጥ ያደረገኝ። ለካ ወደ ቀበሌው መንገድ ሊገባ ነው እየተባለ ሲወራ ከርሟል። እኔ ቀያሽ ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ዘንግ ያዥ።

ጓደኛዬ ከሩቅ ስልክ ደወለ። "የዚህ ሰፈር ሰው እንዴት ፎቶ ይወዳል ባክህ!"

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ከኋላ ጩኸት ተሰማ። "ኧረ ጭላዳው ገብሱን ጨረሰው!"

ገብስ የሚጠብቁት ልጆች ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው እኔን ከበው ቆመዋል። ጭላዳዎቹ ጠባቂ አለመኖሩን አይተው፣ በሌላ በኩል ዞረው ወጥተው ማሳው ውስጥ ገብተዋል። ስልሳ ይሆናሉ። መካከል ላይ አንድ ግዙፍ ወንድ በመቀመጫው ተደላድሎ፣ በሁለት እጁ ዛላውን እየነጨ ይበላል። ፀሐይዋ ከጀርባው ናት። ጎፈሩ ዳር ዳሩን ወርቅ ሆኗል። ስድስት ወር ያለምኩት ፎቶ ይኸው፣ ከኋላዬ!

ካሜራው ወደ ገደሉ ነው የዞረው። ልፈታው ብሎኑን ብጠመዝዝ እምቢ አለ። ድንበሩ የተገፋው ሰውዬ ደግሞ ክንዱን ማቆሚያው ላይ አስደግፎ "እዚያ ጋ ያለችውን ግራር ያያሉ?" ይለኛል። ከነማቆሚያው አንሥቼ ስዞር ሕዝቡ ድንጋይ ይዞ እየሮጠ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩት።

ፎቶው አሁንም አለኝ። ከፊት ለፊት፣ ፍጹም ጥርት ብሎ የሚታይ፣ የአንድ ሯጭ ጋቢ። የጋቢው ክር ሁሉ ይቆጠራል። ከጋቢው ጀርባ፣ በደበዘዘ ወርቃማ ነገር ውስጥ፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን የሚያሳይ ጭላዳ። የሳቀብኝ ነው የሚመስለው።

የገብሱ ባለቤት እያለከለከ ተመልሶ "ይኸም ይጻፍልኝ!" አለ።

ምን ልጻፍ? ተናዘዝኩ። ቀያሽ አይደለሁም፤ ፎቶ ላነሣ ነው የመጣሁት አልኩ። ጸጥ አሉ። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ "ለጭላዳ ብለህ ከአዲስ አበባ ድረስ?" አሉ። ከእርስዎ ወደ አንተ የወረድኩት በዚያች ቅጽበት ነው። ዕንቁላሉም ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ግማሹ ሕዝብ ግን አላመነኝም። "ሚስጥር ስለሆነ ነው፤ እንዳይናገር ታዞ ነው" ይባባሉ ነበር። ከቀበሌ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ደብዳቤ የለኝም። መታወቂያዬ ላይ "የሂሳብ ሠራተኛ" የሚለውን ሲያነብ ነገሩ ባሰ። "ካሳውን የምታሰላው አንተ ነሃ!"

ለገብሱ ኪሴ ውስጥ ያለውን ሰጠሁ። ስልክ ቁጥሬንም ለሽማግሌው ሰጠሁ፤ ፎቶዎን እልክልዎታለሁ ብዬ።

ሳምንት ሳይሞላው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ያችን ቤት ቆረጥካት?"

ለማጽናናት ብዬ፣ "ኧረ አልቆረጥኳትም አባቴ፣ እንዳለች ናት" አልኳቸው።

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ በጣም አዝነው፣ "ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?" አሉኝ።