ከነሕይወቱ የሚመዘነው ዓሣ

ዓሣን ከጥብስ ጋር ብቻ አያይዤ ለማውቀው ለእኔ፣ በአሜሪካ የባስ ዓሣ ማጥመድ ውድድር ከሽልማቱ ገንዘብ ይልቅ ያስገረመኝ ዓሣው ተመዝኖ ወደ ሐይቁ መመለሱ ነው። ኢንሹራንስ ሻጭ የነበረው ሬይ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1967 በአርካንሳስ፣ በቢቨር ሐይቅ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድር ሲያዘጋጅ 106 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ በሕይወት የመልቀቁ ዘመቻ ግን የተጀመረው በ1972 ነው።

በብዙዎቹ ውድድሮች ተወዳዳሪው ለቀኑ ሚዛን የሚያቀርበው አምስት ዓሣ ብቻ ስለሆነ፣ በጀልባው ውስጥ አየር በሚነፋበት ገንዳ ያቆያቸውን እያነጻጸረ፣ ስድስተኛ ሲይዝ ትንሹን ይለቃል። የሞተ ያመጣ ደግሞ ከክብደቱ ይቀነስበታል፤ ተገቢ ቅጣት ይመስለኛል። ዓሦቹ ውኃ በያዘ ከረጢት ወደ ሚዛኑ ሲወሰዱ፣ ጅራታቸው ፕላስቲኩን ሲመታው ከውጭ ይታያል።