ከወደቀ ግንድ ጣውላ፦ የቨርጂኒያ ጓሮ ገጠመኜ

እዚህ አሜሪካ ግቢያችሁ ውስጥ ዛፍ ከወደቀ ገንዘብ ከፍላችሁ ነው የምታስወስዱት። መኪና ይመጣል። ቅርንጫፉ መፍጫ ውስጥ ገብቶ ይደቅቃል፣ ግንዱ ተቆራርጦ ይጫናል። ከዚያ ወይ ማገዶ ይሆናል፣ ወይ ይጣላል። ይሄንን ሳይ ዓመታት አልፈዋል፤ ባየሁ ቁጥር ግን አንጀቴ ያርራል። አገር ቤት አንድ ደህና ጣውላ ለመግዛት ሰው ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው የኦክ ግንድ ሲጣል ዝም ብሎ ማየት አይችልም።

ከአሌክሳንድሪያ አፓርታማ ወጥተን ኩልፔፐር አካባቢ ስንገባ ባለቤቴ የፈለገችው ጎመንና ቃሪያ የምትተክልበት መሬት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ግን ጫካ አለ። እዚያ ውስጥ አሽ የሚባሉት ዛፎች ከአናታቸው ጀምሮ ደርቀው ቆመዋል። የአንዱን ቅርፊት በቢላ ፈልቅቄ አየሁት። ከሥሩ ያለው እንጨት በተጠማዘዘ መስመር ተቦርቡሯል፣ መስመሩ በደቃቅ ዱቄት ተሞልቷል። ቅርፊቱ ላይ ደግሞ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ክብ የሆኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ጢንዚዛው ወጥቶ የሄደበት በር ነው።

ጢንዚዛው ኤመራልድ አሽ ቦረር ይባላል። አረንጓዴ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከእስያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሽ ዛፎችን ጨርሷል። ትሉ የሚበላው ከቅርፊቱ ሥር ያለውን፣ ዛፉ ምግቡን የሚያመላልስበትን ስስ ሽፋን ነው። የውስጡን እንጨት ብዙም አይነካውም። ስለዚህ ዛፉ ቢሞትም፣ ቶሎ ከተሰነጠቀ ጣውላው ጤነኛ ነው። ይሄንን ባወቅኩ ማታ ነው ስለ ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ማንበብ የጀመርኩት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ቆሞ የደረቀ አሽ አደገኛ ነው። ይሰባበራል፤ ሲቆረጥ ቅርንጫፉ ሳይታሰብ አናት ላይ ይወርዳል። ዛፎቹን ያስጣልኩት በሙያተኛ ነው። ለእሱ የሚወጣ ገንዘብ አያስቆጭም።

መሰንጠቂያው ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ሁለት ሃዲድ አለ፣ ግንዱ እዚያ ላይ ይጋደማል። ሞተርና ሁለት ጎማ የያዘ ጭንቅላት በሃዲዱ ላይ ይገፋል። በጎማዎቹ ላይ እየዞረ የሚቆርጠው ቀጭን የብረት ምላጭ ነው፤ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ። የእኔ 14 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ነው፣ የሚገፋውም በእጅ ነው። እንደ ውድማይዘር ያሉ ኩባንያዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለውን ማሽን ለገበሬና ለአነስተኛ ባለሙያ አዳርሰውታል። ትልቁ ጥቅሙ የምላጩ ቅጥነት ነው። የድሮው ክብ መጋዝ በአንድ ቁርጥ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይቀይራል። ይሄኛው የሚያጠፋው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ግንዱ 10 ጊዜ ቢቆረጥ በክቡ መጋዝ 6 ሳንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ ይሄ ሁለት ሙሉ ጣውላ ነው።

ማሽኑ በሣጥን ተበታትኖ መጣ። ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። በትራክተራቸው አወረዱልኝና ወዲያው «የት ነው የምታስቀምጠው?» አሉኝ። ሣሩ ላይ ያለውን ሜዳ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጀመሪያ መሬቱን አስተካክል። ማሽኑ አይቸኩልም» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ ማንም ሰው መቸኮል የሌለበት እዚህ ላይ ነው። ጭንቅላቱ የሚሄደው ሃዲዱን ተከትሎ ነው። ሃዲዱ መሀሉ ላይ ከሰመጠ እያንዳንዱ ጣውላ ያንን ጉብጠት ይዞ ይወጣል። ውፍረቱን ብትለኩ ልክ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ብታጋድሙት ግን ይወዛወዛል። እኛ አፈሩን ገፍፈን ጠጠር አፈሰስንና ደለደልነው። በላዩ 6 በ6 ኢንች የሆኑ ወፋፍራም እንጨቶች አጋደምን፣ ሃዲዱን እነሱ ላይ አሰርነው። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠርን።

ደብረ ብርሃን ያለው አጎቴ ዕድሜውን በአናጢነት የኖረ ሰው ነው። በቪዲዮ ደውዬ ሥራውን አሳየሁት። ውሃ ልኩን ሃዲዱ ላይ አስቀምጬ፣ «ይኸው ጋሼ፣ አረፋው መሀል ላይ ቆሟል» አልኩት።

«ገልብጠው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ውሃ ልኩን ነዋ! ፊቱን አዙረህ እዚያው ቦታ ላይ መልሰው። ሁለቴም መሀል ከቆመ እመነው። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ካለ ግን ውሃ ልኩ ራሱ ዋሾ ነው።»

አዞርኩት፤ መሀል ላይ ቆመ። አሁንም ሥራ ከመጀመሬ በፊት እንደዚያው አደርጋለሁ። ዝናብ ሲጥል ጠጠሩ ይቀመጣል፣ በረዶ ሲቀልጥ መሬቱ ይንቀሳቀሳል። ሲባጎውን መልሶ መወጠር የሥራው አካል ነው።

ምላጩ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ሲፈታ ተስፈንጥሮ ይከፈታልና ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ መንካት የለም። ጎማዎቹ ላይ ከገባ በኋላ መመሪያው ባለው ልክ ይወጠራል፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ በእጅ ይዞራል። ጥርሱ ከጎማው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ መሄድ አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ጎማውን ይበላል፣ በጣም ከወጣ ደግሞ ይዘላል። ሲቆርጥ ውሃ ይንጠባጠብበታል። ውሃው ላይ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከተጨመረበት ሙጫው አይጣበቅም። ማታ ሥራ ሲያበቃ ውጥረቱ ይላላል፤ እንደተወጠረ ካደረ ምላጩም ጎማውም ይጎዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሰነጠቅነው ፖፕላር ነበር። ለስላሳ ስለሆነ ለመማሪያ ጥሩ ነው፣ እዚህ አካባቢም እንደ ልብ ይገኛል። ቅርፊቱን በብረት ብሩሽ አጸዳነው፤ ግንድ መሬት ላይ ሲጎተት አሸዋ ይይዛል፣ አሸዋ ደግሞ ምላጭ ይገድላል። ቀጭኑን ጫፍ በሽብልቅ ከፍ አድርገን ልቡን ከሃዲዱ ጋር አስተካከልነው። ግንዱን የሚያቅፉት ብረቶች ከምላጩ መንገድ በታች መሆናቸውን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ይሄ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት የማደርገው ነው፤ ብረት ከብረት ከተገናኘ ምላጩ አለቀለት።

ሞተሩ ተነሳ። ጭንቅላቱን ቀስ ብዬ ገፋሁት። ድምፁን መስማት ነው ዋናው፤ ሞተሩ ካቃሰተ ፍጥነት መቀነስ። ከነቅርፊቱ የተነሳውን የመጀመሪያ ቁራጭ አንስተን ጣልን። ከሥሩ የወጣው እንጨት ዳር ዳሩ ነጭ፣ መሀሉ አረንጓዴ ነበር፤ ወይራ የመሰለ አረንጓዴ፣ በመሀሉ ሐምራዊ መስመር ያለፈበት። ልጆቼ ከሩቅ ሆነው «ቀለም የተቀባ ነው?» አሉ። አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ወደ ቡናማ እንደሚሄድ ኋላ ነው ያዩት።

ምላጩ ሲደነዝዝ ራሱ ይናገራል። ጣውላው ላይ ማዕበል ይታያል፤ አንድ ቦታ ወፍሮ፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። ያኔ በጉልበት መግፋት ምንም አይረዳም፣ መቀየር ነው። ትርፍ ምላጭ ሳይኖር ሥራ አይጀመርም። በተለይ ቤት አጠገብ የበቀለ ዛፍ ከሆነ ከውስጡ ምስማር አይጠፋም፤ የሆነ ዘመን የሆነ ሰው የልብስ ማስጫ ወይም አጥር መትቶበታል። ኦክ ከሆነ ምልክት አለው። ብረቱ ባለበት ዙሪያ እንጨቱ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። የግንዱ ጫፍ ላይ ያንን ቀለም ካየሁ ብረት መፈለጊያዬን ሳልይዝ አልቀርበውም።

ክብደቱንም አትናቁት። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው እርጥብ ኦክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚገለበጠው በማገላበጫ ዘንግ ነው፣ እግርም ግንዱ በሚንከባለልበት በኩል አይቆምም።

ብዙ ሰው መሰንጠቁ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከማሽኑ የወጣው ገና ጣውላ አይደለም። ውሃ ነው ያለው። እርጥብ ኦክ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት 60 እና 70 በመቶውን ሊያህል ይችላል፤ አሽ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ውሃው ሲወጣ እንጨቱ ይሸሻል፣ ማለትም ይኮማተራል። የሚሸሸው ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚሸሸው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የሚጣመመውም የሚሰነጠቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህም ነው አንድ ኢንች ጣውላ ስፈልግ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ አድርጌ የምቆርጠው፤ ለመሸሹም ለመላጊያውም ይሆናል።

ድርደራው እንዲህ ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ፣ ውሃ ልክ የወጣለት መደብ ይሠራል። አንድ ረድፍ ጣውላ ይደረደራል፤ በላዩ ደረቅ ቀጫጭን መለያ እንጨቶች በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይጋደማሉ፤ ከዚያ ሌላ ረድፍ ይቀጥላል። መለያዎቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ በአንዱ አናት ላይ መዋል አለባቸው። አንዱ ከመስመር ከወጣ ጣውላው በዚያ በኩል ጎብጦ ይደርቃል፣ ኋላ የሚያቃናው የለም። የጣውላው ጫፍ ሰም ባለው ቀለም ይቀባል፣ ውሃ በጫፍ በኩል እየሮጠ ሲወጣ ስለሚሰነጥቀው። ከላይ ክብደት ይጫናል፤ ቆርቆሮ ይለብሳል። ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። በሸራ የተጠቀለለ ክምር ውስጡ ይሻግታል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ አሽና ፖፕላር ከዚያ ይፈጥናሉ፣ ወፍራም ኦክ ይዘገያል። ኦክን በመኸርና በብርዱ ወራት ብትሰነጥቁት ይሻላል። የሐምሌና የነሐሴ የቨርጂኒያ ሙቀት ላዩን ቶሎ አድርቆ ይሰነጣጥቀዋል። ውጭ ያለ ክምር እዚህ አካባቢ ከ12 እስከ 15 በመቶ እርጥበት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቤት ውስጥ፣ ማሞቂያ በሚሠራበት ክፍል፣ እንጨት ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለቤት ዕቃ የሚሆነውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ማቆየት ወይም ማድረቂያ ውስጥ መክተት የግድ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ግምት ግን ብዙ ያስከፍላል።

«ይሄ ሁሉ ለጣውላ? ሆም ዲፖ አጠገብህ አይደለም እንዴ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ፤ ሆም ዲፖ ጣውላ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ነው። በገንዘብ ብቻ ለሚያሰላው ልክ ናቸው። እኔ ግን አንድ ግንድ ልንገራችሁ።

ጎረቤታችን አጥራቸው ዳር የወደቀ ሬድ ሲዳር ሰጡኝ። ስሙ ሲዳር ይባል እንጂ ዘሩ የእኛው የጽድ ወገን ነው፤ የዚህኛው ሳይንሳዊ ስም ጁኒፐረስ ቨርጂኒያና፣ የአገራችን ደግሞ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ። ምላጩ ሲገባበት ሽታው ግቢውን ሞላው። የደብሮቻችን ግቢ ሽታ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ መጣች። አንድ ጣውላ አንስታ አሸተተችና «ማርያምን፣ ይሄ ጽድ ነው!» አለች። አጎቴ ማታ በስልክ ሲያየው ብዙ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ልቡ ቀይ ነው ወይ፣ አንጓ ይበዛዋል ወይ፣ ምስማር ሲገባበት ይሰነጠቃል ወይ። እሱ ጽድ ሠርቶ የጠገበ ሰው ነው፤ አሁን ግን አገር ቤት እንደ ልብ አይገኝም። ጽድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ አዋጅ ተከልክሎ ነበር፤ ደግሞም ተገቢ ነው።

ከዚያ ግንድ የወጣው ለቤተ ክርስቲያናችን አትሮንስ እየሆነ ነው። ልኩን የላከልኝ አጎቴ ነው። ሲዳር ሲላግ አቧራው ጉሮሮ ስለሚቆጣ ጭንብል አድርጌ እሠራለሁ፤ እናንተም ብትሠሩ እንዲሁ አድርጉ።

ከከተማ ወጣ ብላችሁ መሬት ለገዛችሁ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ማሽኑን ከማዘዛችሁ በፊት የአካባቢው አስተዳደር (ካውንቲው) በግቢያችሁ ውስጥ ይሄን ሥራና ድምፁን ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ። ደረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ያላየው ጣውላ ለመኖሪያ ቤት ምሰሶና ወራጅ ላይፈቀድ ይችላል፤ ለዶሮ ቤት፣ ለአጥርና ለቤት ዕቃ ግን ማንም አይከለክላችሁም። ጆሮ መሸፈኛ ይኑራችሁ። ልጆች ሞተሩ እየሠራ እንዳይጠጉ። ሰጋቱራውን ደግሞ አትጣሉት፤ የእኛው ለዶሮዎቹ መኝታ ሆኗል። ጥቁር ዋልነት የሚባለው ዛፍ ሰጋቱራ ግን ለፈረስ መኝታ አይሆንም፣ ያሳምመዋል።

አሽ ክምሩ አሁን 16 በመቶ ላይ ነው። ቨርጂኒያ ቴክ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ የእንጨት ማድረቂያ ንድፍ አለው፤ ጣሪያው ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ጥቁር ይቀባል፣ አየሩን የሚያዞረው ማራገቢያ ነው። በሚያዝያ ከጎረቤታችን ጋር እሱን እንጀምራለን። ማድረቂያውን የምንሠራበትን እንጨት የምናወጣው ከዚያው ከፖፕላሩ ክምር ነው።