በሩ ወዴት ነበር?

ካልሲዬ ሂተሩ ላይ ተሰጥቶ ቤቱ በሙሉ እርጥብ በግ እርጥብ በግ ይሸታል። እሁድ ማታ ነው፣ ነገ ሥራ አለ፣ ሆዴን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ባር ባር ብሎታል። ልጽፍ የተቀመጥኩት ትናንት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያ ሰውዬ ስለተናገረኝ ነገር ነበር፣ እሱን እመጣበታለሁ።

ትናንት ያው የኔ የድንጋይ ቀን ነበር። ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት፣ "ሳይከፍሉሽ ድንጋይ ትለኪላቸዋለሽ?" ብላ ከሳቀች ወዲህ እኔም እንደዛ ነው የምለው። ሰው አርኪዮሎጂ ስትሉት ወርቅ ቁፋሮ ይመስለዋል፣ እኛ እኮ አካፋም የለንም። ተራራ ላይ በመደዳ ሆነን እየሄድን እናያለን፣ በሜትር እንለካለን፣ ጂፒኤሱ ላይ ነጥብ እንይዛለን፣ ያቺን ቀይና ነጭ ዘንግ አጠገቡ አቁመን ፎቶ እናነሳለን፣ ዝናብ ይመታናል። በቃ።

ቦታው ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ቴይ ከሚባለው ሐይቅ በላይ ነው፣ ተራራው ወገብ ላይ ወና የቀረ መንደር። መሄድ ያለብን አሁን በመጋቢት ነው ምክንያቱም ክረምታቸው ሲያልፍ ፈርን የሚሉት ቅጠላ ቅጠል ደረት ድረስ አድጎ ድንጋዩን ይውጠዋል መዥገሩም ይነሳል፣ አሁን ግን ፈርኑ ሞቶ ተኝቷል፣ ፀሐይዋም (ከወጣች) ዝቅ ብላ በጎን ስለምታበራ የድሮው እርሻ መደብ በመደብ ሆኖ ጥላው ይታያል። ያቺው ፀሐይ ከፍ ስትል ያንኑ ቦታ ብታዩት ባዶ ሣር ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አስማት መስሎኝ ነበር።

ከመንደሩ ወደ ላይ ስትወጡ ደግሞ በበጋ ሴቶችና ልጆች ከብቶቹን ይዘው ወጥተው የሚከርሙባቸው፣ ቅቤና አይብ የሚሠሩባቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ፣ ሺሊንግ ነው የሚሏቸው። ቡድን መሪያችን "ዛሬ ስድስት ሺሊንግ እንፈልጋለን" ስትል እኔ በሆዴ፣ ሦስት ብር፣ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ለማን ይነገራል ይሄ?

የተመደብኩበት ቤት ርዝመቱ 14 ሜትር ምናምን፣ የቀረው ግድግዳ ከጉልበቴ አይበልጥም። መሪያችን ለአዲሶቹ ስታስረዳ ሰውና ከብት አንድ ጣራ ሥር ነበር የሚኖሩት፣ የቱ ጫፍ የሰው የቱ የከብት እንደሆነ እንዴት እናውቃለን ብላ ጠየቀች፣ ሁሉም ዝም። እኔ "ከብቱ በታች በኩል ነው፣ ሽንቱ ወደ ሰው እንዳይወርድ" አልኩ። የት አንብበሽው ነው ብላ ተገረመች። የት አነባለሁ፣ አያቴ ቤት ውስጥ ጋጣ ነበር እኮ! ክረምት ክረምት ጥጃዋ ስትተነፍስ እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ያን ቀን ሙሉ እንደ ፕሮፌሰር ስንጎራደድ ዋልኩ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለክቼ ስዬ "ክብ ቤት፣ ጥንታዊ ሊሆን ይችላል" ብዬ የጻፍኩት የበግ ማጎሪያ ሆኖ ተገኘ፣ ያውም መሀሉ ላይ የላስቲክ ባልዲ ነበረበት።

ሌላው ሳማው ነው። ሰውና ከብት የኖሩበት አፈር ስለሚዳብር ሰዉ ከሄደ ከስንት ዘመን በኋላም ሳማ ይበቅልበታል፣ ስለዚህ ሳማ ስናይ ቆም ብለን ዙሪያውን እናያለን። እኛ ጋም እኮ እንደዛው ነው፣ ከቤት ጓሮ ሳማ ጠፍቶ ያውቃል?

ሰዎቹ የት ሄዱ እንዳትሉኝ፣ ያው ታሪኩ አንድ ዓይነት አይደለም። አከራዩ ባላባት መሬቱን ለበግ ሲፈልገው ያስነሳቸው ብዙ ናቸው። ወደ ሰሜን ስትራትኔቨር በሚባለው ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1814 ተመልሰው እንዳይገቡ ጣራውን አቃጥለውባቸዋል፣ ያስነሳው የባላባቱ ወኪል በ1816 ተከሶ ነፃ ወጣ። እንጨት ብርቅ ስለነበር ሌሎቹ ሲለቁ የጣራውን እንጨት ነቅለው ይዘውት ይሄዱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንግሥት ካርታ ላይ እነዚህ ቤቶች ባዶ አራት ማዕዘን ናቸው፣ ጣራ የለውም ለማለት ነው። ቤት ቆጥረው ጣራ የለውም ብሎ ካርታ ላይ ማስቀመጥ፣ እንግዲህ አስቡት።

ፎርሙ ላይ በሩ ወዴት ይዞራል የሚል አለ። ኮምፓስ አወጣሁ፣ ደቡብ ምሥራቅ፣ ስፋቱ 80 ሴንቲ። ጽፌ ስጨርስ የአያቴ ቤት በር ወዴት ነበር የሚል መጣብኝ፣ አላውቅም! ጋጣውን አውቃለሁ፣ ምድጃውን አውቃለሁ፣ መደቡ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ሳይቀር አውቃታለሁ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ቀን ገብስ ከዶሮ ጠብቄ። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ነበረች ወይስ ጀርባዬ ላይ? ቤቱ አሁን የለም፣ ቆርቆሮው እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል።

ዛሬ እማዬ ጋ ደወልኩ። "ወደ መንገዱ ነዋ" አለች። መንገዱስ ወዴት ነው ስላት "ወደ ገበያው" አለችኝ። ጋሼ ጋ ስደውል ደግሞ "ኧረ ወደ ቤተክርስቲያኑ ነው፣ እናትሽ ከተማ ገብታ ሁሉንም ረሳችው" አሉኝና ትንሽ ዝም ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣ "ምነው፣ ልትሸጪው ነው እንዴ?" አሉኝ። ኧረ አይደለም ጋሼ፣ እንዲሁ ነው ብል ማን ሊያምነኝ። ከዛ ወዲህ የአክስቴ ልጅም፣ ያቺ በዓመት አንዴ የማትደውለው፣ ሁለት ጊዜ ደውላለች።

ሰውዬው መኪና ውስጥ ያለኝን ግን ረሳሁት።