ረጅም ሸክላ በመንኮራኩር ሲነሣ፦ ቁመቱ ያለው ከሥሩ ነው

በሰሜን ሸዋ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ብርቅ አይደለም። ጋኑም እንስራውም ያለ መንኮራኩር፣ በእጅ ብቻ ሲሠራ ኖሯል። በእጅ የምትሠራ ባለሙያ መጀመሪያ ሥሩን ታወጣለች፣ ጠፈፍ እስኪል ትተወዋለች፣ ከዚያ ጭቃ እየቀጠለች ታሳድገዋለች። ቁመቱን የሚሸከምላት በመሃል የምትሰጠው ጊዜ ነው። መንኮራኩር ላይ ግን ይህ ጊዜ የለም። ከሥር እስከ አፍ ያለው ሁሉ እርጥብ እንዳለ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ስኒና ጎድጓዳ ሳህን ያለ ችግር የሚያወጣ ሰው 25 ሳ.ሜ. አካባቢ ሲደርስ ዕቃው ቁጭ የሚልበትም ለዚህ ነው። ሲወድቅ የሚታየው አናቱ ስለሆነ ሁሉም አናቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ከታች ባለው ሦስት ጣት ውስጥ ነው።

ከጭቃው እንጀምር። ከሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ጥቁር መሬት ሲረጥብ እጅ ላይ በጣም ይታዘዛል፤ ጀማሪም ይወደዋል። በጋ ላይ ግን ያው መሬት ተሰነጣጥቆ አፉን ይከፍታል። ውሃ ሲጠጣ ብዙ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ብዙ የሚኮማተር አፈር ስለሆነ ለብቻው ረጅም ዕቃ አይወጣውም። የትኛውንም አፈር ከመጠቀማችሁ በፊት ትንሽ ጭቃ ጠፍጥፋችሁ በላዩ ላይ ልክ 10 ሳ.ሜ. የሆነ መስመር ጫሩበት። ደርቆ ከተቃጠለ በኋላ መስመሩ 9 ሳ.ሜ. ከሆነ አፈሩ 10 በመቶ ይኮማተራል። ስለዚህ ተቃጥሎ 30 ሳ.ሜ. የሚሆን ዕቃ የሚፈልግ ሰው እርጥቡን ከ33 ሳ.ሜ. በላይ ማውጣት አለበት። መስመሩ ከ8.8 ሳ.ሜ. በታች ከወረደ ሌላ አፈር ወይም ገል ይጨመርበት።

የገሉ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምጣድ የሚሆነው ሻካራ ገል መንኮራኩር ላይ የጣት ቆዳ ይልጣል፣ ቀጭን ግድግዳም ይተለትላል። ለረጅም ዕቃ ተወቅጦ ልሞ በዱቄት ወንፊት ያለፈ ገል ነው የሚያስፈልገው፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይበቃል። የተለወሰው ጭቃ በፌስታል ተጠቅልሎ ጥቂት ሳምንት ቢያርፍ ደግሞ ሲሳብ የመበጠስ ጠባዩን ይተዋል። ከመጠን በላይ የረጠበውን ጀሶ ላይ ዘርግቶ ማምጠጥ ነው። ልኩን ለማወቅ አውራ ጣት ይበቃል፤ ሳትታገሉ መግባት አለበት፣ ሲወጣም ጣት ላይ ጭቃ መቅረት የለበትም።

ማሸት ላይ የሚሰንፍ ሰው ረጅም ዕቃ ባይጀምር ይሻለዋል። የታሸውን ጭቃ በሽቦ ለሁለት ቁረጡትና ፊቱን እዩት። ቀዳዳ ከታየ አንዱን ቁራጭ በሌላው ላይ እየመታችሁ እንደገና እሹት። ወፍራም ሳህን ውስጥ 3 ሚ.ሜ. የሆነች አረፋ ምንም ላታደርግ ትችላለች። ግድግዳው 6 ሚ.ሜ. በሆነ ረጅም ዕቃ ላይ ግን ያች አረፋ የግድግዳው ግማሽ ናት፤ ጣት በደረሰባት ቁጥር ዕቃውን ታወላግደዋለች።

ስንት ኪሎ? ለመለማመጃ 1.5 ኪሎ ጥሩ ነው፤ ከ20 እስከ 22 ሳ.ሜ. ማውጣት ግብ ይሁን። ለ33 ሳ.ሜ. 2.5 ኪሎ መዝናችሁ ያዙ። ሳይመዝኑ መሥራት ስህተቱን ያስደብቃል፤ ዕቃው ያጠረው ጭቃው አንሶ ነው ወይስ ከታች ቀርቶ ነው የሚለው አይታወቅም። አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ፦ 2.5 ኪሎ ጭቃ ስፋቱ 12 ሳ.ሜ. በሆነ ቀጥ ያለ ዕቃ ላይ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች 7 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ መቀመጫው ተቀንሶ እንኳ ከ45 ሳ.ሜ. በላይ ይወጣዋል። ጀማሪ ግን 25 ላይ ይቆማል። የቀረው ጭቃ ሥሩ ላይ ተቀምጧል።

ስለ መንኮራኩሩ ብዙ የሚባል የለም። በዲናሞ የሚሠራው ጭቃውን መሃል ለማስያዝ ያለውን ድካም ይቀንሳል። በእግር የሚዞረው መብራት ቢጠፋም አያቆምም፤ ረጅም ዕቃ ሲሳብ የሚፈለገውም ዝግተኛ ፍጥነት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አያንስም። የመንኮራኩሩ ፊት ከመቀመጫችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ግን መቀመጫውን ከፍ አድርጉ፤ ክንድ ከላይ ወደ ታች መግባት አለበት። ፊት ለፊት መስታወት ብታቆሙ አንገታችሁን ሳታጎብጡ የዕቃውን ቅርጽ ከጎን ታያላችሁ። ረጅም ዕቃ በእጅ ተይዞ ስለማይነሣ ከኮምፔርሳቶ በተቆረጠ ክብ ጣውላ ላይ ይሠራ። ጣውላው ውሃ ጠጥቶ እንዳያብጥ አስቀድሞ ቀለም ይቀባ።

ጭቃውን መሃል ስታስይዙ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ይዙር። በሁለት መዳፍ ጨምቃችሁ ወደ ላይ አሹሉት፣ መልሳችሁ በመዳፍ ሥር ወደ ታች ጫኑት፤ ይህን ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ሲወርድ መሃሉ ተሰርጉዶ አየር እንዳይዝ አናቱን ሾጠጥ አድርጉት። ክርን ጭን ላይ ወይም ዳሌ ላይ ይደገፍ፤ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ክንድ ጭቃውን አያሸንፍም። ሥሩ ላይ 1 ሚ.ሜ. የሆነች መወላገድ 30 ሳ.ሜ. ላይ ስትደርስ ዕቃውን የምትጥል ናት። እጃችሁን አንሥታችሁ የወስፌ ጫፍ ወደ ጎኑ አስጠጉ፤ ዙሪያውን እኩል ካልጫረ አትቀጥሉ።

ሆዱን ስትከፍቱ ጣታችሁ ጣውላው ሊደርስ 1 ሳ.ሜ. ሲቀረው አቁሙ። ውፍረቱን በወስፌ ወግታችሁ ለኩ፤ ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል። ከዚያ ወለሉን 8 ወይም 9 ሳ.ሜ. ድረስ አስፉት። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘን ቀጥ ያለ ይሁን። ሳህን ሲሠራ ይህ ማዕዘን ክብ ይደረጋል፤ ያ ልማድ ወደ ረጅም ዕቃ ሲመጣ በጣም ብዙ ጭቃ እዚያው ይቀራል። ወለሉን ከዳር ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ዳር በጣት ደጋግማችሁ ጫኑት። ይህ ከተዘለለ ዕቃው ሲደርቅ መቀመጫው ላይ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ይወጣል፤ ያንን ስንጥቅ ብዙ ሰው በጸሐይ ያሳብባል።

አሁን ወደ መሳቡ እንምጣ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ፍጥነቱን ወደ 90 ዙር አውርዱ። ግራ እጅ ውስጥ፣ ቀኝ እጅ ውጪ፣ የግራው አውራ ጣት ቀኙን ይንካ፤ ሁለቱ እጆች ካልተነካኩ አንዱ የሚያደርገውን ሌላው አያውቅም። የቀኝ ጠቋሚ ጣት አንጓ ጣውላውን እስኪነካ ድረስ ይውረድና ግድግዳውን ከእግሩ ሥር ወደ ውስጥ ይጫን። አንድ ሙሉ ዙር ጠብቁ። ከአንጓው በላይ ጭቃ እንደ ቀለበት ተነፍቶ ይወጣል። የምትስቡት ያንን ቀለበት ነው። የውስጥ ጣቶች ከቀለበቱ ትንሽ ከፍ ብለው ይደግፉታል፣ የውጪው አንጓ ከበታቹ ሆኖ ይገፋዋል። ቀለበቱ ካልታየ ከሥር ምንም አልያዛችሁም፤ ወደ ላይ ብትሄዱም የላዩን ግድግዳ ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም።

እጅ የሚወጣው በአንድ ዙር ግማሽ ሳ.ሜ. ነው። በ90 ዙር 20 ሳ.ሜ. ግድግዳ ለመጨረስ ከ25 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በተግባር ይህ በጣም ረጅም ይመስላል፤ ሰው ይቸኩላል፣ ጣት ያልነካው ጠመዝማዛ ዱካ ይቀራል፣ ግድግዳው አንድ ቦታ ወፍሮ አንድ ቦታ ይሳሳል። አፉ ጋ ስትደርሱ ግፊቱን ቀስ በቀስ ቀንሱ እንጂ እጃችሁን በድንገት አታንሡ። ከንፈሩ ከግድግዳው ወፈር ብሎ ይቅር፤ በእያንዳንዱ ሳብ መጨረሻ በእርጥብ ስስ ቆዳ ይዛችሁ ከላይ ጫን አድርጉት። አፉ እኩል ካልሆነ በወስፌ ቆርጣችሁ ጣሉት፤ አንድ ሳ.ሜ. ማጣት ሙሉውን ከማጣት ይሻላል።

ግድግዳው ወደ ላይ ሲወጣ ምንጊዜም ወደ ውስጥ ማዘንበል አለበት፤ አፉ ከመቀመጫው ይጥበብ። መዞሩ ራሱ ጭቃውን ወደ ውጪ ስለሚገፋው ቀጥ አድርጌ ልሳብ ያለ ሰው ዕቃው ተከፍቶ ጎድጓዳ ሳህን ይሆንበታል። ከሰፋ በሁለት እጅ ዙሪያውን ይዛችሁ ከታች ወደ ላይ አንቁት፤ በዚህ ጊዜ ፍጥነቱን ትንሽ መጨመር ይረዳል። ሲታነቅ ግድግዳው መልሶ ይወፍራል፣ ስለዚህ ወዲያው አንድ ሳብ ይከተል።

ሦስት ሳብ ይበቃል። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ጭቃው ውሃ እየጠጣ ይላሽቃል። ማራሻውም ውሃ ባይሆን ይመረጣል፤ ከእጅ ላይ የሚጠራቀመው ቀጭን ጭቃ ጣትን ያንሸራትታል፣ ግድግዳውንም አያበሰብስም። ወለሉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ ዘንግ ላይ በታሰረ ስፖንጅ ከእያንዳንዱ ሳብ በኋላ አውጡት። በሌላ በኩል እጁ ከደረቀ ጭቃው ጣት ላይ ይይዝና ግድግዳው ይጠመዘዛል፤ የስሱ ክፍል ላይ ዘንበል ያለ ሽብሽብ ሲታይ ይህ መድረሱን እወቁ። ሽብሽቡ ገና ከጀመረ ፍጥነቱን ቀንሳችሁ፣ እጃችሁን አርሳችሁ አንድ ለስላሳ ሳብ ሊያድነው ይችላል። ከገባ በኋላ ግን አትድከሙ።

ቅርጹ የሚወጣው ቁመቱ ካለቀ በኋላ ነው። በቅድሚያ ከጀሪካን በተቆረጠ ፕላስቲክ የግድግዳውን ውጪ ፋቁት፤ ላዩ ላይ ያለው እርጥብ ጭቃ ሲነሣ ግድግዳው በግልጽ ይጠነክራል። ሆዱ ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋ፣ ውጪው እጅ ዝም ብሎ ይከተል፤ ፍጥነቱ 60 ዙር ገደማ ይሁን። ሆድ ሲሰፋ ቁመት 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ስለሚወርድ አስቀድማችሁ አስቡት። አንገቱ መጨረሻ ይታነቅ፤ ቀድሞ ከጠበበ እጅ አይገባም።

መጀመሪያ አካባቢ የወጣውን ሁሉ ማስቀመጥ አያስፈልግም። እርጥብ እንዳለ በሽቦ ከአፍ እስከ መቀመጫ ለሁለት ሰንጥቁትና በማስመሪያ ለኩት። ከታች 9፣ ከመሃል 6፣ ከላይ 5 ሚ.ሜ. አካባቢ ከሆነ እጃችሁ ደርሷል። ከታች 18 ከሆነ ያነሰው ቁመት የት እንደሄደ ዐይናችሁ እያየው ነው። ከመሃል 3 ሆኖ ከላይ 7 ከሆነ እጁ መሃል ላይ ዘግይቶ አናቱ ላይ ሮጧል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ወገቡ ላይ ይታጠፋል።

ከክንድ ርዝመት ያለፈ ዕቃ በሁለት ቁራጭ ይሠራ፤ በእጅ የሚሠሩት እናቶች ዘዴ እዚህ ላይ ይመለሳል። የታችኛውን ወፈር ባለ አፍ አውጡና መሃሉ ላይ ቦይ ክፈቱለት። የላይኛውን ያለ ወለል፣ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሲገጠም ስለሚገለበጥ አሁን አፍ የሆነው ያኔ መጋጠሚያ ይሆናል፣ ጫፉም ቦዩ ውስጥ እንዲገባ ይሾጥ። ሁለቱን በአንድ መለኪያ ለኩ፤ የ3 ሚ.ሜ. ልዩነት እንኳ ትከሻ ይሠራል። ሁለቱም እኩል ጠፈፍ ሲሉ መጋጠሚያቸውን ጫጭራችሁ፣ ወፍራም የጭቃ ውሃ ቀብታችሁ ግጠሙ፣ የላይኛውን ጣውላ በሽቦ አላቁና በዝግታ እያዞራችሁ መገናኛውን ከውስጥም ከውጪም ጫኑት። አንዱ ደርቆ አንዱ ከረጠበ በመገናኛው ዙሪያ ይሰነጠቃል።

ማድረቂያውን ቦታው ይወስነዋል። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ አፉን ቀድሞ ያደርቀዋል፤ አፉን በፌስታል ሸፍናችሁ ሥሩን ግለጡት። ደብረ ብርሃን ላይ ነፋሱ በአንድ በኩል ሲመታው ረጅም ዕቃ ወደዚያው ጎን ይጎብጣል፤ ግማሽ ቀን በሆነ ቁጥር ማዞር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ያለበት ሌሊት ደግሞ እርጥብ ዕቃ ደጅ አይደር፤ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቶ ግድግዳውን ይፈታዋል። ክረምት ላይ ላዩ ደርቆ ሥሩ ሊረጥብ ስለሚችል መቀመጫውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት፤ ከቀዘቀዘ ገና ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድጃው ገና 100 አልሞላም ብሎ እሳት የሚጨምር ሰው መቀመጫው ውስጥ የቀረውን ውሃ በእንፋሎት ያፈነዳዋል። ከ80 ዲግሪ ሳያልፍ ብዙ ሰዓት ያቆዩት፤ ከምድጃው ቀዳዳ ላይ የተያዘ መስታወት ጉም መያዙን ሲያቆም እሳቱ ይጨመር። በኩበትና በባሕር ዛፍ ሜዳ ላይ የሚቃጠል ከሆነ ዕቃው መጀመሪያ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ከእሳቱ ዳር ዙሪያውን ይሙቅ፣ ኩበቱ የሚደረደረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ገል የሌለበትን ጭቃ ግን ለሜዳ እሳት አትስጡት።