ጥፋቱ የአኮርዲዮኑ አልነበረም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግንቦት ወር። ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አኮርዲዮንና አንዲት ድምፃዊት ያሉበት የባህል ሙዚቃ ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን ይቀርጻል። ዘፈኖቹ 9 ናቸው። ስቱዲዮው ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ቤት ነው። አኮርዲዮኑን የሚጫወቱት ሽማግሌ መንገድ ላይ ስለነበሩ ሌሎቹ በ2 ቀን አብረው ተቀርጸው፣ እሳቸው በ3ኛው ቀን ብቻቸውን እንዲገቡ ተወሰነ።

በ3ኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ 3 ዘፈኖች ላይ አኮርዲዮኑ እንደ ቅቤ ገባ። አራተኛው ላይ ግን ጆሮ የሚቆረጥም ነገር ሆነ። አምስተኛውም፣ ስድስተኛውም እንደዚያው።

«አቦ፣ ይሄ አኮርዲዮን ተበላሽቷል!» አለ ባለ ክራሩ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «ቅድም ለሦስቱ ልክ የነበረ፣ አሁን ምን ነካው?»

ነገሩን ያበረደችው ድምፃዊቷ ናት። «ጋሼ፣ እስቲ «ላ» የምትባለዋን ድምፅ ብቻ ይያዙልን» አለች። ያዙላት። የድምፅ ቁመት የሚለካው ቲዩነር 440 ኸርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጂው ያኔ ፊቱን ወደ ተቀረጹት ትራኮች አዞረ፤ የእያንዳንዱን ዘፈን የመጀመሪያና የመጨረሻ 10 ሰከንድ እየከፈተ መለካት ጀመረ። ጧት የተቀረጹት 3ቱ ደህና ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በተቀረጹት ላይ ክራሩ 15 ሴንት ያህል ወርዷል፣ ዋሽንቱ 20 ሴንት ያህል ወጥቷል። አንድ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ጥቁሮቹን ጨምሮ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ) 100 ሴንት ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የግማሽ ድምፅ ሲሶ ደርሷል ማለት ነው። በረጅሙ በሚያዝ ድምፅ ላይ 10 ሴንት እንኳ ለሠለጠነ ጆሮ ይታወቃል። አኮርዲዮኑ መሃል ላይ ቆሞ ከሁለቱም ጋር ተጣላ።

መነሻው ቬንትሌተሩ ነው። ሲዞር ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ቀረጻ በተጀመረ ቁጥር ይጠፋል፤ የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባም መስኮቱ ይዘጋል። ጧት 3 ሰዓት ላይ 27 ዲግሪ የነበረው ክፍል 9 ሰዓት ላይ 36 ደረሰ። ክራሩ የብረት ክር ነበረው፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲረዝም ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ዋሽንት ደግሞ የሚጮኸው በውስጡ ባለው አየር ነው። በሞቀ አየር ውስጥ ድምፅ ስለሚፈጥን በየዲግሪው 3 ሴንት ገደማ ይወጣል፤ የነፊው ትንፋሽ ራሱ ሙቅ በመሆኑ በተግባር ትንሽ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሙቀት መሣሪያን ያወርዳል» ወይም «ያወጣል» ብሎ በአንድ ቃል ሲያልፍ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሙቀት፣ በአንድ ክፍል፣ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሄደዋል። ገበቴው በቆዳ የተለበጠ ክራር ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ጠባይ ይጨመርበታል፦ ደረቅ ሙቀት ቆዳውን ሲወጥረው ክሮቹ የሚያርፉበት በርኩማ ወደ ላይ ይገፋል፣ ክሮቹም ይወጠራሉ። እርጥበት ሲኖር ተቃራኒው ነው።

ያኔ ግን ተጫዋቾቹ ምነው አልሰሙትም? ድምፃዊቷ በሄድፎኗ ጎልቶ የሚሰማት ክራሩ ስለነበረ ከክራሩ ጋር አብራ ወረደች። ባለ ዋሽንቱ ደግሞ አፉን እያጋደለ ለመከተል ሞክሯል፤ አጫጭር ዜማ ላይ ይሠራል፣ ረጅም ትንፋሽ ላይ ያጋልጣል። ለውጡ ቀስ እያለ ስለመጣም ጆሮ አብሮ ለመደው።

ጥገናው እንደ ዘፈኑ ይለያያል። ክራርና ድምፅ ብቻ ያሉባቸው 2 ዘፈኖች ቀላል ነበሩ፤ ሁሉም ነገር እኩል ስለወረደ ሪፐር በተባለው የመቅረጫ ፕሮግራም ላይ የማጫወቻው ፍጥነት ወደ 1.0087 ከፍ ተደረገ። ይህ 15 ሴንት ያወጣል፣ የ4 ደቂቃ ዘፈንን በ2 ሰከንድ ያሳጥራል። ፍጥነቱ ሲቀየር የድምፁ ቁመት ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገው ምርጫ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ዘፈኑ ይፈጥናል እንጂ አይወጣም።

ዋሽንት ያለባቸው 4ቱ ግን አልዳኑም። ሁለቱ ተጫዋቾች በ2 ሜትር ርቀት ተቀምጠው ነበርና የዋሽንቱ ድምፅ በክራሩ ማይክ ውስጥም አለ። የክራሩን ድምፅ ቁመት ብቻ ከፍ ሲያደርጉ እዚያ የገባው ዋሽንት አብሮ ከፍ ይላል፤ ከዋናው ዋሽንት ጋር ሲደመር ሁለት ዋሽንት ተጣልተው የሚነፉ ይመስላል። ቀጂው ለማስተካከል ግማሽ ቀን አባከነ። በመጀመሪያው ሰዓት ትቶ «እንደገና እንቅረጽ» ማለት ነበረበት።

ድጋሚው ቀረጻ በማታ ሆነ። ጀንበር ስትጠልቅ ቆርቆሮው እየቀዘቀዘ ስለሚንጣጣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ማይክ አልተከፈተም። መሣሪያዎቹ ቀረጻው ከመጀመሩ 1 ሰዓት ቀድመው ወደ ክፍሉ ገቡ፣ ቴርሞሜትር በክራሩ ቁመት ልክ ተሰቀለ፣ ሙቀቱ ከመነሻው 2 ዲግሪ ከራቀ ቆሞ መቃኘት ግዴታ ሆነ። እያንዳንዱ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት መነሻው ድምፅ 15 ሰከንድ ይቀረጻል፤ ነገ ወይም ከወር በኋላ ሌላ መሣሪያ ቢጨመር የሚለካበት ነገር አለ።

ከሁሉም በላይ የተለወጠው ግን የመቃኘቱ ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ ክራሩ ይቃኝና ሌላው ይከተለው ነበር። ክራር በደቂቃ ውስጥ ይቃኛል፤ አኮርዲዮን ውስጡ ያለው የብረት ምላስ ካልተሞረደ አይቃኝም። ስለዚህ አኮርዲዮኑ መጨረሻ ላይ የሚቀረጽ እንኳ ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት፣ ሌሎቹ ለሚቃኙባት አንዲት ድምፅ ሲባል። ቀጥሎ ባለ ዋሽንቱ 5 ደቂቃ ነፍቶ መሣሪያውን ካሞቀ በኋላ ከያዛቸው ዋሽንቶች ለዚያ ድምፅ የሚቀርበውን ይመርጣል። ክራሩ በመጨረሻ ይመጣል።

ክራሩ ላይም ጥንቃቄ አለ። ቀጂው ደንግጦ 6ቱንም ክሮች በቲዩነር ልክ አስቃኘና ትዝታው ደረቀ፤ ባለ ክራሩ «ይሄ የኔ ትዝታ አይደለም» ብሎ አስቀመጠው። ልክ ነበር። ቅኝት በጆሮ ሲቃኝ በክሮቹ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ከፒያኖ ድምፆች ርቀት ጋር አንድ አይደለም። በቲዩነር የሚያዘው መነሻው ክር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ለተጫዋቹ ጆሮ ይተዋሉ። የአኮርዲዮኑ ርቀት ደግሞ የማይነካ ስለሆነ ሽማግሌው በረጅሙ ሲይዙ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ እንዲይዙ፣ ሌላውን እየነኩ እንዲያልፉ ተስማሙ። ዘፈኖቹም በአልበሙ ተራ ሳይሆን በቅኝታቸው ተቀረጹ፦ መጀመሪያ ትዝታዎቹ፣ ከዚያ ባቲዎቹ፣ አንቺሆዬው ብቻውን በሌላ ማታ። ቅኝቱ የተለወጠ ክራር ክሩ እስኪረጋ 10 ደቂቃ ይቀመጥና እንደገና ይቃኛል።

ነጠላ ዘፈን ቢሆን ትንሽ መዛነፍ ማንም ሳያውቀው ያልፍ ነበር። አልበም ላይ ግን አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲገባ ጆሮ የቀድሞውን መነሻ ገና እንደያዘ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የተደመጡት መገጣጠሚያዎቹ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ዘፈን የመጨረሻ 10 ሰከንድ ከቀጣዩ የመጀመሪያ 10 ሰከንድ ጋር ተቀጥሎ። ከ8ቱ መገጣጠሚያዎች በአንዱ ላይ፣ በፍጥነት ከተስተካከሉት ዘፈኖች አንዱ በሚያልቅበት ቦታ፣ 4 ሴንት ቀርቶ ተገኘ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጊዜ አዳመጡት። «ይቅር፣ አትንኩት» አሉ፤ እንዳለ ወጣ።